በሐሰት የተከሰሰው ምስር ወጥ

አማቴ፣ ማለትም የባለቤቴ አባት፣ ስቶክሆልም የመጡት የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ እንጂ እኔን ሊያስታምሙ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመምህርነት፣ ኋላም በርዕሰ መምህርነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ረጅም ናቸው። ሙቀቱ ቢበረታም ኮታቸውን አያወልቁም። ሰው ሲያዩ ከጫማው ይጀምሩና ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ፊቱ ላይ እስኪደርሱ ሰውየው የሠራውንም ያልሠራውንም ጥፋት ያስታውሳል።

ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ሁለታችን የተነጋገርነው በስልክ ብቻ ነበር፤ ያውም በስልክ ካርድ። «እንደምን ነህ?» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ ጋሼ?» እላለሁ። «ይመስገን» ይላሉ። ከዚያ ዝምታ ይሆናል። የካርዱ ሒሳብ በዝምታ እንዳያልቅ እኔ ስልኩን ለባለቤቴ አቀብላለሁ። ከሠርጋችን ወዲህ የነበረን ዝምድና ይኸው ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያ ከባለቤቴ ጋር ስቀበላቸው ሦስት ጊዜ ሳሙኝ፣ ሻንጣቸውን ሰጡኝ፣ ከኋላዬም ተከተሉኝ። መኪናው ጋ ስንደርስ ልጃቸውን ወደ ጎን ሳብ አደረጉና በሹክሹክታ ጠየቋት። የርዕሰ መምህር ሹክሹክታ ደግሞ ሠልፍ ላይ ለቆመ ተማሪ ሁሉ ይሰማል።

«ባልሽ ይጠጣል እንዴ?»

«ኧረ አባባ! አይጠጣም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እንደ ሰካራም እግሩን ከፍቶ የሚራመደው?»

ባለቤቴ ዞራ እግሬን አየች። እውነት ነበር። ከዚያ በፊት ለወራት ራሴን ያመኝ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብሳል። ኪስታ ውስጥ በአንድ የሞባይል ስልክ መሥሪያ ቤት ስለምሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ማፍጠጤ ነው ብዬ ነበር። አረማመዴን ግን አላስተዋልኩትም፤ በየቀኑ የምታየኝ ባለቤቴም ለምዳዋለች። እሳቸው ከጫማ ጀምረው ስለሚያዩ ወዲያው አገኙት።

በማግስቱ ባለቤቴ ቮርድሴንትራል፣ ማለትም የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላኩን፤ እዚያም የራሴን ፎቶ አነሡ። ሐኪሙ ፎቶውን አይተው ሲመጡ ፊታቸው ጠንከር ብሎ ነበር። እኔም ባለቤቴም ስዊድንኛ እንችላለን፣ እሳቸው ግን «እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በእናቱ ቋንቋ ቢሰማ ይሻላል» ብለው በስልክ አስተርጓሚ አስጠሩ። ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ትሑት እናት ድምፅ መጣ።

«ጌታዬ፣ ዶክተሩ የሚሉት፣ በራስዎ ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ አጥቶ ተጠራቅሟል። ሃይድሮሴፋለስ ይባላል። እና ቀጭን ቧንቧ አስገብተው ውሃውን ከራስዎ ወደ ሆድዎ...» ድምፁ ተቋረጠ። «በስመ አብ! ወደ ሆድ ነው ያሉት? ይቅርታ ጌታዬ፣ አንዴ ልጠይቅልዎ።»

ጠየቁልን። ወደ ሆድ ነበር። ቧንቧው ሻንት ይባላል፤ ከአንጎል ተነሥቶ ከጆሮ ኋላ በቆዳ ሥር በአንገት፣ በደረት አልፎ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ውሃውን ሆድ ይመጠዋል። አስተርጓሚዋ ሁሉንም በትክክል ነገሩንና ሲጨርሱ ከሥራቸው ውጭ «እግዚአብሔር ይማርዎት የኔ ልጅ» አሉ። ሐኪሙ «ምን አለች?» ብለው ባለቤቴን ጠየቋት። ባለቤቴም እያለቀሰች «ሰላምታ ነው» አለቻቸው።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ። ስነቃ ራስ ምታቱ የለም። ለወራት ጆሮዬ ሥር ሲጮኽ የኖረ ራዲዮ ድንገት የተዘጋ ያህል ነበር። ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ እንደ ባቄላ ፍሬ ያለች እብጠት ቀረች። ግማሽ ራሴን ላጭተውኛል። ተነሥቼ ስሄድ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ሄሰልቢ ያለው ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። ሁሉም የጆሮዬን ኋላ አይቶ የየራሱን ፍርድ ይሰጣል። አንዱ ወዳጄ ለባለቤቴ አዘነላት፦ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ያሰበው ሁሉ ቁልቁል ወርዶ ሆዱ ውስጥ ሊቀመጥ ነው። በሆዱ ምን እንደያዘ በምን ታውቂያለሽ?» ሌላው ደግሞ «አይዞሽ፣ ሆደ ሰፊ ይሆንልሻል» አላት።

ባለቤቴ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። እሷ ሥራ ስትገባ እኔና አማቴ ቤት እንቀራለን። ትንሿ ልጃችን ዳጊስ፣ ማለትም መዋያዋ ትሄዳለች፤ ማታ ስትመጣ አማርኛውን ትሰማና በስዊድንኛ ትመልሳለች። ለእናት አባት የሚባለው «ሞርፋር» ነው። አማቴ ግን የሰሙት ሌላ ነው።

«ይህች ልጅ ለምንድን ነው ሞፈር የምትለኝ?»

«ሞርፋር ነው ጋሼ። አያት ማለት ነው።»

«አያትማ ልክ ነው። ግን እኔ በሬ ጠምጄ አላውቅም» አሉ። ኋላ ግን ወደዱት። ስትጠራቸው «አቤት፣ ሞፈር መጣ!» እያሉ ይመጣሉ።

ምግብ የማብሰሉ ነገር የመጣው እንዲህ ነው። ልጃቸው ከሥራ ደክማ ስትመለስ ምድጃ ሥር መቆሟን አይተው አልቻሉም። አንድ ቀን ኮታቸውን አወለቁ። ያኔ ነው ነገሩ የምር መሆኑን ያወቅኩት። ሽርጥ ታጠቁና ምስር ወጥ ሊሠሩ ተነሡ። በሕይወታቸው ወጥ ሠርተው አያውቁም፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ሌሎችን ሲያርሙ ኖረዋል። ሽንኩርቱን ሲከትፉ እያንዳንዷ ቁራጭ እኩል መሆን አለባት። ምስሩን አንድ በአንድ ለቀሙት፤ ከስዊድን ሱቅ የተገዛ ምስር ድንጋይ የለውም ብላቸው «ይህን የሚያረጋግጠው ማነው?» አሉኝ። በርበሬውን ግን ያለ ሚዛን ለቀቁት። ስንበላ ሁለታችንም አለቀስን፤ እሳቸው ከደስታ፣ እኔ ከበርበሬው።

እንዲህ እየበላን ቀናት አለፉ። ከዚያ ሆዴን ያመኝ ጀመር።

መጀመሪያ ጥቂት ቁርጠት ነበር። ምሳ ከበላን በኋላ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ሶፋ ላይ ጋደም አልኩ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ አየችኝ፤ ድስቱንም አየች።

«አባባ፣ በርበሬው በዝቶ ይሆን?»

አማቴ ጋዜጣቸውን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። በማግስቱ አልጫ ሠሩ። አመመኝ። በሦስተኛው ቀን ሩዝ ቀቀሉ፤ ጨው እንኳ አልጨመሩበትም። አሁንም አመመኝ። ያን ቀን ከቀድሞው የተረፈውን ምስር ወጥ ከማቀዝቀዣ አወጡና ፊታችን ቁጭ ብለው ድስቱን ጨረሱት። ከዚያ ብድግ አሉ።

«ይኸው በልቼዋለሁ። ይኸው ቆሜያለሁ።»

«አባባ፣ ማንም እኮ አልከሰሰህም» አለች ባለቤቴ።

«ክስ በቃል ብቻ አይደለም። በዓይንም ይከሰሳል።»

ይባስ ብሎ ልጃችን ወሬውን ዳጊስ አደረሰችው። አማቴ ሊያመጧት ሲሄዱ መምህሯ ፈገግ ብላ በእንግሊዝኛ «እርስዎ ነዎት እንዴ ያ አያት? የእርስዎን ምግብ በልቶ አባቷ እንደታመመ ነግራናለች» አለቻቸው። ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን ልጅቷን በእጃቸው ይዘው ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«አርባ ዓመት ስም ስገነባ ኖሬ፣ በአንድ ድስት ስሜ ስዊድን ውስጥ ጠፋ» አሉ።

እኔ ደግሞ እሳቸውን ላለማስቀየም፣ እየመረረኝም ቢሆን፣ የቀረበልኝን እበላ ነበር። በዚያው ሰሞን ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ራስ ምታቱም በስሱ ተመለሰ። ሰዉ ሁሉ በስልክ «ብርድ ነው፣ የስዊድን አየር አይታመንም» ይለናል።

አንድ ጠዋት የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ አልኩ። አማቴ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ቆይ! እንዳትነሣ» አሉ። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። «ይህ ቀይ መስመር ምንድን ነው? ከጆሮህ ኋላ ተነሥቶ ወደ አንገትህ ወርዷል። ትናንት አልነበረም።»

ቀይ መስመር መቼም የእሳቸው ሙያ ነው። ባለቤቴ ሮጣ መጣች። ቦታውን ነካ ስታደርገው አቃጠለኝ። ግንባሬን ዳበሰችና ሙቀት መለኪያውን አመጣች፤ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው ወደ አኩተን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድንሄድ ሆነ። ልጃችንን ጎረቤት አቆየችልን። አማቴ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ጠበቁን።

«አባባ፣ አንተ እቤት ዕረፍ።»

«አላርፍም። ስለ ምግቤ ይነሣ ይሆናል። ተከሳሽ በሌለበት አይፈረድም።»

ሆስፒታል እንደደረስን ከጆሮዬ ኋላ ካለችው እብጠት በቀጭን መርፌ ፈሳሽ ወሰዱ። ደምም ወሰዱ፤ ሆዴንም ተጫኑ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ረጋ ብላ ነው የምታስረዳው። ቧንቧው ላይ ባክቴሪያ ገብቷል አለች። እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ከተደረገ በኋላ አንዳንድ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ቀዩ መስመር ቧንቧውን ተከትሎ የወረደ ነው። ባክቴሪያው የያዘው ውሃ የሚፈስሰው ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ ቁርጠቱም የመጣው ከዚያው ነው።

ባለቤቴ ይህን ለአባቷ ስትተረጉም እጃቸውን አነሡ።

«ድገሚልኝ። የሆዱ ሕመም ከምንድን ነው የመጣው?»

«ከቧንቧው ነው አባባ። ከራሱ የወረደ ነው።»

ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሐኪሟ ፊት ቆሙና በጠራ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ራሳቸው ጠየቁ፦ «ይቅርታ ዶክተር፤ ስለዚህ ምስሩ አይደለም?»

«የቱ ምስር?» አለች ሐኪሟ።

ባለቤቴ ነገሩን ባጭሩ አስረዳቻት። ሐኪሟ አልሳቀችም። ለዚህ እስከዛሬ አመሰግናታለሁ። ወደ አማቴ ዞራ እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ «ምስሩ አይደለም» አለቻቸው።

አማቴ ተቀመጡ። መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። እኔ በትኩሳት እየነደድኩ ሳቅ አፈነኝ፤ ስስቅ ሆዴን ወጋኝ፤ እንደገና ሳቅኩ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሐኪሟ ቀጥላ ቧንቧው መውጣት አለበት አለች። ባክቴሪያው ፕላስቲኩ ላይ ከተጣበቀ መድኃኒት ብቻውን አያጸዳውም። ቧንቧው ይወጣል፤ በጊዜያዊ ቱቦ ውሃው ከራሴ ወደ ውጭ፣ አልጋው አጠገብ ወደተሰቀለ ከረጢት ይፈስሳል፤ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጠኛል፤ ውሃው ንጹሕ ሲሆን አዲስ ቧንቧ ይገባል። ባለቤቴ አልተረጎመችም። ኮሪደሩ ላይ ወጣች። አማቴም ተከትለዋት ወጡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲመለሱ እሷ ፊቷን ታጥባ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ የእሷን ቦርሳ ትከሻቸው ላይ አንግተዋል።

የዚያኑ ቀን ቧንቧውን አወጡት።

አማቴ በማግስቱ ሲመጡ ጨርሰው ሌላ ሰው ነበሩ። ነፃ የወጣ ሰው አሁን ጥፋተኛውን ይፈልጋል።

«እንግዲህ እኔ አይደለሁም። ማነው ታዲያ ያስገባው?» ጠያቂዎቹን አንድ በአንድ አነሡ። ራሴን የሳመኝ አለ። ሲያስነጥስ አፉን ያልሸፈነ አለ። «ሆደ ሰፊ ይሆናል ያለው ሰውዬ ጥፍሩ አላማረኝም» አሉ። ባለቤቴ ተቆጣች፤ እሳቸው ግን ምርመራቸውን አላቋረጡም። ለሁለት የታወቁ የሄሰልቢ ሰዎች ሰላምታ መንፈጋቸውን የሰማነው ኋላ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ቆመች።

«የማንም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ነው» አለች። «እዚያ ሆኖ ምንም አይጎዳም። በቀዶ ጥገናው ጊዜ፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ አንዳንዱ ሾልኮ ቧንቧው ላይ ያርፋል። ምናልባትም የራሱ የበሽተኛው ነው።»

አማቴ ቃሉን አልተቀበሉትም። «የራሱ? ከገዛ ቆዳው?»

«ከገዛ ቆዳው።»

ዞር ብለው አዩኝ። እግሮቼ በብርድ ልብስ ስለተሸፈኑ ከጫማ መጀመር አልቻሉም። «ስንት ንጹሕ ሰው ጠረጠርን!» አሉ፣ እኔ ባክቴሪያውን ልኬ ያስገባሁት ይመስል። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሰላምታ የነፈጓቸውን ሁለቱን ሰዎች ጨብጠው ሳሙ። ሰዎቹም ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ ይቅር ተባሉ።

ከራስ የሚወርደው ውሃ መጠኑን ጠብቆ እንዲፈስስ፣ ከረጢቱ ከራሴ ጋር በልክ መሰቀል ነበረበት። ቀና ማለት ስፈልግ መጀመሪያ ነርሷ መጥታ ቱቦውን ትዘጋለች፤ ከዚያ ብቻ ነው የምነሣው። ይህን ለአማቴ ያስረዷቸው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ትራሴን ማስተካከል እንኳ አልቻልኩም።

«አትነሣ!»

«ጋሼ፣ ልዞር ብዬ ነው።»

«ዙር። ግን አትነሣ።»

በሩ አጠገብ የእጅ አልኮል የተሰቀለበት ቦታ ነበር። ወንበራቸውን ከዚያ ሥር አደረጉ። የገባ ሁሉ እጁን ሳያሽ አያልፍም። የራሷ የባለቤቴ እጅ እንኳ በየቀኑ ይፈተሻል። አንድ ቀን ነጭ ፀጉር ያላቸው ታላቁ ሐኪም ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ገቡ። አማቴ ብድግ አሉ፣ ጎንበስ ብለው በአክብሮት ሰላምታ ሰጡ፣ ከዚያም በጣታቸው ወደ አልኮሉ አመለከቱ። ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አሁን እጃቸውን ማሸታቸውን ተናገሩ። አማቴ ጣታቸውን አላወረዱም። ሐኪሙ ሣቁና እንደገና አሹ፤ ተማሪዎቹም ተሰልፈው በየተራ አሹ። አማቴ ሠልፍ ካዩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበርና ደስ አላቸው።

ፈተና የሆነባቸው ካህኑ ሲመጡ ነው። መስቀላቸውን ይዘው፣ ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ አድርገው መጡ። አማቴ ዲቁና የነበራቸው፣ ጾም የማይሽሩ ሰው ናቸው። መስቀሉን ተሳለሙ። ከዚያ በካህኑና በአልጋዬ መካከል ቆሙ።

«አባ፣ ይፍቱኝ። እጅዎን...»

ካህኑ እጃቸውን አሹ።

«ጠበሉን ደግሞ...» አማቴ ላብ አጠመቃቸው። «አባ፣ ራሱ ክፍት ነው። ሐኪሞቹ ጠብታ እንዳይነካው ብለዋል። እግሩ ላይ ቢያደርጉለትስ?»

ካህኑ ራሴን አዩ፣ ቱቦውን አዩ፣ አማቴን አዩ። «ቃሉ ከራስ እስከ እግር ይደርሳል፤ ከእግርም ቢነሣ መንገዱን አያጣም» አሉና ብርድ ልብሱን ገለጡ። ጠበሉ ቀዝቃዛ ነበርና እግሬን ስሰበስብ አማቴና ካህኑ በአንድ ድምፅ «አትነሣ!» አሉኝ።

እኔና አማቴ የተዋወቅነው በእነዚያ ቀናት ነው። እንደ ድሮው ስልኩን አቀብዬ አላመልጥ፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ ናት፤ ሁለታችን ብቻ። አንድ ከሰዓት በኋላ ድንገት «ሥራህ ግን ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አዲስ ስልኮችን እሞክራለሁ። እደውላለሁ፣ መልእክት እልካለሁ፣ የት ላይ እንደሚበላሹ አያለሁ።»

«ሲበላሽስ?»

«ተበላሸ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

አሰቡበት። «ለዚህ ደመወዝ ይሰጡሃል?» አሉ። ከዚያ እሳቸው ስለ መጀመሪያ ሥራቸው ነገሩኝ። አንዲት የገጠር ከተማ በወጣትነታቸው ሲመደቡ ከተማሪዎቻቸው ግማሾቹ በዕድሜ ይበልጧቸው ነበር። አንዱ ተማሪ እንዲያውም የልጆች አባት ነው፤ ሲያረፍድ «ጢምህን ስላየሁ እንጂ አንበረክክህ ነበር» አሉት። ሰውየው ግን በፈቃዱ ተንበረከከ፤ ልጁ እዚያው ክፍል ይማር ስለነበር አርአያ መሆን ፈልጎ ነው። ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው አንዱ በወርቅ የተሠራ ነው።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ውሃው በተደጋጋሚ ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ። አዲሱን ቧንቧ በግራ በኩል አስገቡልኝ፤ ለዚያም የቀረውን ግማሽ ራሴን ላጩት። በቀኝ በኩል የበቀለው ፀጉር በግራ በኩል ስለሌለ መልኬ ሁለት ሰው ይመስል ነበር። ልጃችን ቤት ስገባ ዙሪያዬን ዞራ አየችኝና በስዊድንኛ «ፓፓ፣ ተመልሰህ ሂድ፤ ሌላኛውን ፀጉርህን እዚያ ረስተኸዋል» አለችኝ።

ባለቤቴ አባቷን ምስር ወጥ እንዲሠሩልን ለመነቻቸው። እምቢ አሉ። «ስሜ ከጸዳ በኋላ ለምን እንደገና እፈተናለሁ?» አሉ፤ ሽርጡንም አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ቪዛቸው ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሦስታችን አዲስ አበባ ሄድን። አማቴ በደረስን በማግስቱ እኔን ብቻ ይዘው ወጡ። ጡረተኛ መምህራን ወዳጆቻቸው የሚሰበሰቡበት ካፌ አለ፤ በረንዳው ላይ አራት አዛውንት ማኪያቶ ይዘው ይጠብቁናል። መሐል አስቀመጡኝና አንገቴን ጎንበስ እንዳደርግ ነገሩኝ።

«ይኸው። ቀስ ብላችሁ ዳስሱት» አሉ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን እያደረጉ በየተራ ከግራ ጆሮዬ ኋላ ዳሰሱኝ። አንደኛው «ጉድ እኮ ነው!» አሉ። ሌላው ያማል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አያምም አልኩ። ሦስተኛው የባዮሎጂ መምህር የነበሩ ናቸው፤ ስለ አንጎል ማስረዳት ጀመሩ። ውሃው ከጀርባ አጥንት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ነው ብለው በሲኒ ማስቀመጫ ሣህን እያሳዩ ብዙ ተናገሩ። እኔ አንገቴን እንደደፋሁ አዳመጥኩ፤ ትልቅ ሰው አይታረምም።

አማቴ ግን ጠረጴዛውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ቆይ፣ ቆይ። እሱ ልጄ ያውቀዋል፤ እሱ ይንገራችሁ» አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ።

ቀና አልኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።